ሚዛኑ፣ ስልኩና ስልኩን የሚያነሣው ሰው

ሥር የሰደደ የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች በወረርሽኙ ወቅት በቤታቸው ሳሉ ስለ መከታተል፤ በመቐለ ከተማ በዓዲ ሓቂ ክፍለ ከተማ ለሕሙማንና ለአስታማሚዎች የቀረበ ንግግር



 እጅ መጨባበጥና መሳሳም ቀርቶ በነበረበት በዚያ በ2012 ዓ.ም. ወቅት ከሩቅ ሆኖ ሰላምታ መስጠት ለእኔም ለእናንተም ገና ያልተለመደ ነገር ነበር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በአዋጅ ተከልክሎ ስለ ነበር ይህን ንግግር ያቀረብኩት እኔን ጨምሮ አራት አራት ሆነን፣ በግቢ ውስጥ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ተራርቀን ተቀምጠን ነው። በዚህ አካሄድ ሁላችሁንም ለማዳረስ ክረምቱ አይበቃም። ስለዚህ ያው ንግግር በጽሑፍ እንዲደርሳችሁ ተደርጓል፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ልጆቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው ቡና ሲፈላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው።

እኔ ሥር የሰደደ የልብ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በመከታተል ሥራ ላይ ያለሁ ነርስ ነኝ። የምናገረውም ስለ ኮሮና ቫይረስ ብቻ ሳይሆን፣ ኮሮናን ፈርተው ከቤታቸው ስለ ቀሩ ልበ ደካሞች ነው።

በሽታው በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። መጋቢት 17 ቀን በክልላችን፣ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጉዞ ተገደበ፤ የሕዝብ ማመላለሻ የሚጭነው ሰው ቁጥር ተቀነሰ፤ ታሪፉም ጨመረ። ይህ ሁሉ መደረግ የነበረበት ነው፤ ቫይረሱ የሚበረታው የልብ፣ የሳንባና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ነውና። ሆኖም አብሮት የመጣ ሌላ ነገር አለ። በቀጠሮ ቀን ከንጋት ጀምሮ ሰው ይጨናነቅባቸው የነበሩ አግዳሚ ወንበሮች ባዶ ሆኑ። ሕመምተኛው ድኖ አልነበረም የቀረው፤ ሆስፒታሉን ፈርቶ ነው። ከአጎራባች የአፋርና የአማራ አካባቢዎች ሳይቀር ወደ ዓይደር ሆስፒታል ይመጡ የነበሩ ሰዎች መንገዱ ርቋቸው ቀሩ፤ የሚገርመው ግን በባጃጅ መድረስ የሚችለው የዓዲ ሓቂ ሰውም መቅረቱ ነው። ከዚያ ከሳምንታት በኋላ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ በሸክም ይመጣል።

የልብ ድካም ስንል ልብ ቆመ ማለታችን አይደለም። ልብ ደም የሚገፋ ጡንቻ ነው። ሲደክም፣ ወይም እንደ ልብ መዘርጋት ሲያቅተው፣ ለሰውነት የሚበቃውን ደም መግፋት ይሳነዋል። ኩላሊት በበኩሉ የሚደርሰው ደም ሲያንስበት ጨውና ውሃ ወደ ውጭ ማስወጣቱን ትቶ ይይዛል። የተያዘው ውሃ በእግር፣ በሆድ፣ በመጨረሻም በሳንባ ይጠራቀማል። ሰው «ደረቴ ታፈነ» ብሎ የሚጮኸው በዚህኛው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ይህን የሽማግሌዎች በሽታ አድርጎ ያስበዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ በአብዛኛው እንደዚያ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች፣ በልብ ድካም ምክንያት ሆስፒታል በገቡ 1,006 ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ግን የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 52 ዓመት መሆኑን አሳይቷል። ልጅ የሚያሳድጉ፣ ሱቅ የሚከፍቱ፣ እርሻ የሚያርሱ ሰዎች ናቸው። ቀዳሚው መንሥኤ ያልታከመ የደም ግፊት ነበር፤ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በሮች የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ በሽታም ድርሻው ቀላል አልነበረም። ከእነዚያ ሕሙማን መካከል በስድስት ወር ውስጥ ከመቶው ወደ 18 የሚሆኑት አርፈዋል። ይህን የምናገረው ለማስፈራራት አይደለም፤ ቀጠሮ ማለፍ በዚህ በሽታ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል እንድታውቁት ነው።

መልካሙ ነገር ውሃው በአንድ ሌሊት አለመሞላቱ ነው። ትንፋሽ ከማጠሩ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በፊት ሰውነት መክበድ ይጀምራል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። እግር ገና ሳያብጥ፣ ሰውየው ራሱ «ደኅና ነኝ» እያለ፣ ሚዛን ያውቀዋል። ከሩቅ ሆኖ መከታተል የሚቻለውም በዚህች የጥቂት ቀናት ዕድል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐኪም ከሰማ የሚያሸናውን መድኃኒት አስተካክሎ ሰውየውን ከአልጋ ሊያድነው ይችላል። ከዘገየ የሚቀረው ኦክስጅንና የሆስፒታል አልጋ ነው፤ በወረርሽኙ ወቅት ደግሞ ሁለቱም ተፈላጊዎች ነበሩ።

ይህን ሐሳብ በትልቁ የሞከሩት ጀርመኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2017 በተካሄደ ጥናት 1,571 ሕሙማን ተሳትፈዋል። ግማሾቹ በየቤታቸው ሚዛን፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ትንሽ የልብ ምት መመዝገቢያና የኦክስጅን መለኪያ ተሰጣቸው። በየዕለቱ የለኩት ቁጥር በሞባይል ኔትወርክ በርሊን ወደሚገኘው ሻሪቴ ሆስፒታል ይደርስ ነበር፤ እዚያም ሐኪሞችና ነርሶች ቀንና ሌሊት ተረኛ ሆነው ይጠብቁት ነበር። በድንገት ሆስፒታል በመተኛትና በሞት ምክንያት የሚጠፋው ጊዜ በዓመት በአማካይ ከ24 ቀን ወደ 18 ቀን ገደማ ወረደ። የሞቱትም ሰዎች ከሌላው ወገን ያነሱ ነበሩ።

አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 1,653 ሕሙማንን በየቀኑ ስልክ እንዲደውሉ አድርገው ነበር። ስልኩን የሚያነሣው ግን ማሽን ነው። የተቀዳ ድምፅ ይጠይቃል፤ ሕመምተኛው ክብደቱንና ስሜቱን የስልኩን ቁልፍ እየተጫነ ይመልሳል፤ የጤና ባለሙያዎች መልሱን በሥራ ቀን ይመለከቱታል። በሆስፒታል መግባትም ሆነ በሞት ላይ ምንም ልዩነት አልታየም። ከመቶ 14 የሚሆኑት አንድ ጊዜ እንኳ አልደወሉም፤ ጥናቱ ሊያልቅ ሲል በሳምንት ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ይደውሉ የነበሩት ከግማሽ ጥቂት ቢበልጡ ነው። እኔ አልፈርድባቸውም። ማንነትህን ለማያውቅ መቅጃ በየማለዳው ኪሎህን መናገር ማንን አይሰለችም?

ሦስተኛው ምሳሌ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል። በአርጀንቲና 1,518 ሕሙማን በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት የተሠራው እንዲህ ነበር፦ የሠለጠኑ ነርሶች በተራ ስልክ ወደ ሕሙማኑ ቤት ይደውላሉ። መድኃኒት መወሰዱን፣ ምግቡን፣ ክብደቱን፣ የእግሩን እብጠት ይጠይቃሉ፤ አስፈላጊ ሲሆን የሚያሸናውን መድኃኒት መጠን ያስተካክላሉ ወይም ቶሎ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ያደርጋሉ። ለሕመምተኛው የተሰጠው ነገር ማስረጃ የምትሆን ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ነበረች። የሞት መጠን በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ቢሆንም በልብ ድካም ሆስፒታል መግባት ከመቶ 29 ያህል ቀነሰ። በሳንባ የደም ሥር ውስጥ የሚቀበር፣ ግፊቱን በየቀኑ የሚልክ መሣሪያም በሌላው ዓለም አለ፤ እርሱን ለጊዜው እንተወው። ለዓዲ ሓቂ ከበርሊን ይልቅ አርጀንቲና ትቀርባለች። ስልክ አለን፤ ነርስ አለን፤ ደብተር አለን።

ከእነዚህ ጥናቶች የተረዳሁትን አንድ ነገር ግን ከማንም መጽሐፍ በፊት በራሴ ጥፋት ተምሬው ነበር።

ከዓመታት በፊት፣ በሌላ ቦታ ስሠራ፣ አንድ አቦይ በየጊዜው ይመጡ ነበር። ሚዛን እንዲገዙ የመከርኳቸው እኔ ነኝ፤ ልጃቸው ገዛችላቸው። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ደወለች። «አቦይ ማክሰኞ 58 ነበሩ፤ ዛሬ 61 ሆነዋል። ደኅና ነኝ ይላሉ» አለችኝ። አመሰገንኳት። ቁጥሩን ከካርዳቸው ጋር በተያያዘ ወረቀት ላይ በንጹሕ ጽሕፈት ጻፍኩት። ሐኪሙ ወጥቶ ስለ ነበር ሰኞ አሳየዋለሁ ብዬ ካርዱን ከሌሎች ካርዶች ጋር አስቀመጥኩት። እሑድ ሌሊት ታፈኑ። ሰኞ ማለዳ ሲያመጧቸው ተቀምጠው እንኳ መተንፈስ አቅቷቸው ነበር፤ ሐሙስ ዐረፉ። ልጅቱ የተነገራትን ሁሉ አድርጋለች። ሚዛኑ ልክ ነበር፤ ስልኩ ሠርቷል፤ ቁጥሩም ተጽፏል። የጎደለው ያንን ቁጥር በዚያው ቀን ተቀብሎ አንድ ነገር የሚያደርግ ሰው ነበር፤ ያ ሰው መሆን የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ሚዛንና ስለ ስልክ ስነግራችሁ ስለ መሣሪያው ብቻ ሰምታችሁ እንዳትሄዱ እለምናችኋለሁ።

በቅድሚያ ሚዛኑን እናንሣ። ማለዳ ከእንቅልፍ እንደ ተነሣችሁ፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ምንም ነገር ሳትቀምሱ፣ ቀለል ባለና በየቀኑ በማይለዋወጥ ልብስ፣ ባዶ እግራችሁን ተመዘኑ። ሚዛኑ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በሲሚንቶ ወይም በሌላ ጠንካራና ልሙጥ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ከቦታው ባይነቃነቅ ይመረጣል። በየመንገዱ ዳር ሚዛን ይዘው ከሚቀመጡት ልጆች ዘንድ መመዘን ጨርሶ ካለመመዘን ይሻላል፤ ነገር ግን ዛሬ አንዱ ጋ፣ ነገ ሌላው ጋ፣ አንድ ቀን በጫማ፣ አንድ ቀን በካፖርት ከሆነ ቁጥሩ ያታልላችኋል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ አንድ ሚዛን መግዛት ይችላል፤ በየተራው በሳሙናና ውሃ ወይም በአልኮል ማጽዳት አይረሳ። ወሳኙ ሚዛኑ የሚያሳየው ኪሎ ብዛት ሳይሆን ከትናንት በስቲያ ጋር ያለው ልዩነት ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመራችሁ ውሃ ነው ብላችሁ በዚያው ቀን ደውሉ።

ሚዛን የሌለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ማታ በአውራ ጣታችሁ የቅልጥማችሁን አጥንት ፊት ለፊት እስከ አሥር እየቆጠራችሁ ተጫኑት፤ ጣታችሁ ሲነሣ ጉድጓዱ ከቀረ እብጠት አለ። ትናንት የገባ ጫማ ዛሬ እምቢ ካለ፣ ቀበቶ ከጠበበ፣ ይኸው ምልክት ነው። ከሁሉ የምወደው ግን የትራስ ቆጠራ ነው። በአንድ ትራስ ይተኛ የነበረ ሰው ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስት ከፈለገ፣ ወይም ሌሊት ታፍኖ ተነሥቶ መስኮት ከከፈተ፣ ሳንባው ውሃ እየያዘ ነው። ይህን አስታማሚ ከሕመምተኛው ቀድሞ ያያል።

የደም ግፊት መለኪያ ያላችሁ ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ጀርባችሁን ደግፋችሁ ተቀመጡ፤ ክንዳችሁ በልባችሁ ትይዩ በጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ቡና ጠጥቶ ወይም ደረጃ ወጥቶ ወዲያው መለካት ለጭንቀት እንጂ ለሕክምና አይጠቅምም። የልብ ምትን በእጅ አንጓ ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ይቻላል። በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ በወረርሽኙ ወቅት ብዙዎች ገዝተውታል። ከተማችን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ጤናማው ሰው እንኳ በቆላ ካለው ጥቂት ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ደኅና በሆናችሁበት ቀን ለክታችሁ የራሳችሁን ቁጥር እወቁ፤ ከስንት ሲወርድ እንደምትደውሉም ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጥፍር ቀለምና የጠቆረ ሂና መሣሪያውን ያሳስተዋል። ለአሸንዳ የተዋቡ ልጆች ይህን አይርሱ።

ይህ ሁሉ በደብተር ይጻፍ። ቀኑ፣ ክብደቱ፣ ግፊቱ፣ ምቱ፣ የእግር ሁኔታ፣ የትራስ ብዛት፣ መድኃኒት መወሰዱ፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ይበቃል። ዘመናዊ ስልክ ያለው ልጅ ገጹን ፎቶ አንሥቶ በቴሌግራም ለነርሷ ቢልክ መልካም ነው። ለነርሷ ብቻ ግን፤ በዘመድ ወይም በዕድር ቡድን ውስጥ የሰውን ሕመም መለጠፍ ነውር ነው። መብራት ቢጠፋም፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥም ደብተሩ አለ።

ቀጥሎ የሚመጣው ስልኩን የሚያነሣው ሰው ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ መድኃኒት ብቻ ተቀብላችሁ አትውጡ። «ክብደቴ ቢጨምር ለማን ልደውል? በስንት ሰዓት? ቅዳሜና እሑድስ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስምና ቁጥር ይዛችሁ፣ በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ ጽፋችሁ ውጡ። ሁለተኛ ቁጥርም ይኑራችሁ፤ ለምሳሌ የቀጠናችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቁጥር። የጤና ባለሙያዋን መጠየቅ ድፍረት የሚመስላቸው እናቶች አሉ። ድፍረት አይደለም፤ ሥራዋ ነው። ሂሳብ ከሌላችሁ ሚስድ ኮል አድርጉ ወይም «ይደውሉልኝ» የሚለውን መልእክት ላኩ፤ ይህንንም አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ የማይታወቅ ቁጥር መልሶ የማይደውል ሰው ብዙ ነውና። ማለዳ ደውላችሁ እስከ ቀትር መልስ ካጣችሁ ግን ስልኩን ተዉትና በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሂዱ። «ነገ ያነሡ ይሆናል» አትበሉ።

ስትደውሉ እንዴት እንደምትናገሩም ላንሣ። የእኛ አገር ሰው ጨዋ ነው። «እንዴት ነሽ አደይ?» ሲባሉ፣ እግራቸው እንደ ጎታ አብጦ «ተመስገን፣ ደኅና ነኝ» ይላሉ። ሰላምታው ሩብ ሰዓት ይወስዳል፤ ሕመሙ በመጨረሻው ደቂቃ፣ ስልኩ ሊዘጋ ሲል ይነገራል። ከቁጥሩ ጀምሩ። «የልብ ታካሚ ነኝ፤ የካርድ ቁጥሬ ይህ ነው፤ እሑድ 58 ነበርኩ፤ ዛሬ 60 ተኩል ነኝ፤ ማታ በሦስት ትራስ ተኛሁ።» ምስጋናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ሕመምተኛው ከተሽኮረመመ አስታማሚው ይናገርለት። በሌላኛው ጫፍ ያለን እኛም ምን እንዳደረግን ሳንናገር ስልኩን ልንዘጋ አይገባም። «ለሐኪም ነግሬ ዛሬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እደውላለሁ» ያላችሁ ነርስ ካልደወለች እናንተ መልሳችሁ ደውሉ፤ ተቆጧትም።

የሚያሸናውን መድኃኒት በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱም። አንዳንድ ሐኪሞች «ክብደትህ ይህን ያህል ሲጨምር ለይህን ያህል ቀን አንድ ፍሬ ጨምር» ብለው አስቀድመው ጽፈው ይሰጣሉ፤ የተጻፈ ካላችሁ እንደ ተጻፈው ብቻ አድርጉ። ኮሮና ከገባ ወዲህ ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ለቫይረሱ ያጋልጣሉ የሚል ወሬ ተነዝቶ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ አሉ። የአውሮፓም የአሜሪካም የልብ ሐኪሞች ማኅበራት በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ባወጡት መግለጫ መድኃኒቱ በወሬ እንዳይቋረጥ አሳስበዋል። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በምግብ ውስጥ ደስ ይላሉ፤ የልብ መድኃኒትን ግን አይተኩም። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ የሚገዙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ውሃና ጨው እንዲያዝ ያደርጋሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይውሰዳቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ በቁጥጥር የቆየ ክብደት በእነዚህ መድኃኒቶች በጥቂት ቀን ሲበላሽ አይቻለሁ።

ስለ ጨው በመቐለ መናገር ከባድ ነው። ከተማችን ከዳሎል በግመል የሚመጣውን አሞሌ ስትቀበል የኖረች የጨው ገበያ ናት፤ ጨው ለእኛ ሀብት ነበር። ለደከመ ልብ ግን ውሃን አስሮ የሚያስቀር ነው። ሽሮውና ድልኹ የሚዘጋጀው ከነጨው ስለ ሆነ፣ በኋላ በወጡ ላይ አልጨመርኩም ማለት አይበቃም። ለቤቱ ሁሉ ጨው ቀነስ አድርጎ መሥራት ለሕመምተኛው ለብቻው ከመሥራት ይቀላል፤ የደም ግፊት ላለበት ሌላው ቤተሰብም ይጠቅማል። ሐኪም የፈሳሽ መጠን ወስኖላችሁ ከሆነ ስዋውም፣ ሻዩም፣ ሾርባውም ይቆጠራል። ጾም ስትይዙ ደግሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ለነርሷ ነግራችሁ አስቀድማችሁ አስተካክሉ።

በስልክ የማይደረግ ሕክምናም አለ። የሩማቲክ የልብ በሽታ ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች በየአራት ሳምንቱ፣ አንዳንዶቹም በየሦስት ሳምንቱ የሚወጉት ፔኒሲሊን በወረርሽኝ ምክንያት አይዘለልም፤ አንድ ጊዜ መዝለል የልቡን በር ዳግመኛ ሊያስበላ ይችላል። ዓይደር መሄድ ካስፈራችሁ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ መወጋት ይቻል እንደ ሆነ ጠይቁ። ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎችም የደም ምርመራቸው ጊዜ ሲደርስ መሄድ አለባቸው፤ ያን መድኃኒት ያለ ምርመራ መቀጠል አደጋ ነው። በቅርቡ የወለደች እናት ትንፋሽ ሲያጥራትና እግሯ ሲያብጥ «የአራስነት ድካም ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ከወሊድ ጋር የሚመጣ የልብ ድካም አለና ሐኪም ይያት።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው፣ ትንፋሽ ሲያጥር ኮሮና ይሁን ልብ በምን ይታወቃል የሚል ነው። ክብደት ከጨመረ፣ እግር ካበጠ፣ ጋደም ሲሉ የሚያፍን ሲቀመጡ የሚቀል ከሆነ ወደ ልብ ያደላል። ትኩሳት፣ ደረቅ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽታና ጣዕም መጥፋት ካለ ወደ ኮሮና ያደላል። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ፤ ኮሮና የደከመን ልብ ያባብሳልና። ስለዚህ ራሳችሁ ፈራጅ አትሁኑ። የኮሮና ምልክት ካያችሁ በነፃ ስልክ 8335 ወይም 952 ደውሉ፤ ስትደውሉም የልብ ታካሚ መሆናችሁን ከሁሉ አስቀድሙ። የተቀመጠ ሰው ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን አጥብቆ ከያዘው፣ ራሱን ከሳተ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም የሚናገረው ከተምታታ ግን መዝገብም ስልክም አያሻም፤ ጭንብል አድርጋችሁ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። በዚያ ሰዓት ከቫይረሱ ይልቅ መዘግየቱ ይበልጥ ያስፈራል።

አንድ አባት በትናንትናው ውይይት «ታዲያ ሆስፒታል መምጣት ቀረ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አልቀረም። የረጋ ሰው ለሁለት ወይም ለሦስት ወር የሚበቃ መድኃኒት ይሰጠው እንደ ሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል፤ በመካከሉ በደብተርና በስልክ እንከታተለዋለን። ያልረጋው ግን ይመጣል፤ ጭንብሉን አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ በተቀጠረበት ሰዓት፣ ከአንድ አስታማሚ ጋር። ክትትሉ ከሩቅ የሚሆነው መምጣት ያለበትን ሰው ከማያስፈልገው ለይተን በጊዜው እንድንጠራው ነው።

አሁን ደብተሮቻችሁን አውጡ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስማችሁን፣ የካርድ ቁጥራችሁን፣ የምትወስዱትን መድኃኒት፣ ከሥሩም የሁለት ሰዎችን ስልክ ቁጥር እንጽፋለን። ሁለተኛ ቁጥር የሌላችሁ ከመነሣታችን በፊት ንገሩኝ። ከዚያ ሚዛኑ ያውና፣ ከበሩ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ ነው፤ ጫማችሁን አውልቃችሁ በየተራ፣ ርቀታችሁን ጠብቃችሁ። የዛሬው ቁጥር ቁርስ ከተበላ በኋላ የተለካ ስለ ሆነ ከጎኑ «ከቁርስ በኋላ» ብላችሁ ጻፉበት፤ የነገውን ማለዳ ትክክለኛውን ትጽፋላችሁ፤ እኔም ከነገ ወዲያ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ በየተራ እደውልላችኋለሁ።